ሪፉ ለጥቂት ወር ይዘጋ ወይስ እስከ መጨረሻው? የማዳጋስካር ኦክቶፐስ ክርክር

ብሩክ፦ የዛሬው ጥያቄ ከማዳጋስካር ነው። በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ አንዳቫዶአካ የምትባል መንደር አለች። ሰዎቹ ቬዞ ይባላሉ፤ ኑሯቸው ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የኮራል ሪፍ (ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ያለ ድንጋይ መሰል የኮራል ክምር) ዘግተው፣ ባለ ስምንት ክንዱን የባሕር እንስሳ ኦክቶፐስን ለወራት ሳይይዙ ቆዩ። ሲከፈት ትልልቁን ያዙ። ሌሎች መንደሮችም ተከተሉ። ታዲያ ለጥቂት ወር መዝጋት ይበቃል ወይስ ሪፉ እስከ መጨረሻው ይዘጋ? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ሰላም፦ እስከ መጨረሻው! ሦስት ወር ዘግቶ በአንድ ቀን ማራገፍ ጥበቃ አይባልም፣ ዕቁብ ነው። የመክፈቻውን ቀን አስቡት እስቲ። ባሕሩ ሲሸሽ መንደሩ ሁሉ ሹል ብረት ይዞ ኮራሉ ላይ ይወጣል። ኮራል ደግሞ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ሲረገጥ ይሰበራል።

ዳዊት፦ ዕቁብ ምን ነውር አለው? የኦክቶፐስ ዕድሜ ከዓመት ብዙም አያልፍም። ሴቷ ጉድጓድ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ሳትበላ ትጠብቃለች፣ ሲፈለፈል ትሞታለች። አሥር ዓመት ብትዘጊው ያው ኦክቶፐስ አይጠብቅሽም። ሁለት ሦስት ወር ግን ለእሱ ብዙ ነው፤ ክብደቱ ጉድ በሚያሰኝ ፍጥነት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ሪፉ በተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ የሚያዘው ከ700 በመቶ በላይ ጨመረ ይላል።

ሰላም፦ እሱ የኦክቶፐስ ሒሳብ ነው። ሪፉ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው እንዴ? ግሩፐር የሚባለው ዓሣ ለመራባት ራሱ ዓመታት ይፈልጋል። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጠ ኮራሉን ያጸዳል። ለእነሱ ሦስት ወር ምንም ማለት አይደለም።

ትዕግስት፦ ሴቶቹን ረሳችኋቸው። ወንዱ ታንኳው ላይ ሸራ ወጥሮ ራቅ ይላል። በእግር ሪፉን የምታስሰው በአብዛኛው ሴቷ ናት። የጉድጓዱ ደጃፍ ላይ የሸርጣን ቅርፊትና ጠጠር ተከምሮ ካየች፣ ቤቱ እሱ ነው። ብረቱን ቀስ አድርጋ ትሰዳለች። አገሩ ደረቅ ነው፤ እርሻውም አያስመካም። ቅርቡን ሪፍ ለዘላለም ስትዘጉ ጾሙን የሚያድረው የማን ድስት ነው?

ዳዊት፦ ለዚህ እኮ ነው ከፊሉን ብቻ የሚዘጉት። ሌላው ክፍት ነው።

ብሩክ፦ በነገራችን ላይ ሁለቱንም የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተውና ከ20 በላይ መንደሮችን የያዘው ቬሎንድሪያኬ የተባለው የባሕር ጥበቃ ክልል፣ የኦክቶፐሱን ቦታ እየዘጋ ይከፍታል፣ ጥቂት ቦታ ደግሞ ለዘለቄታው ከልሏል። ሕጉን ዲና ይሉታል፤ የሚያወጡትም የሚቀጡበትም ራሳቸው መንደርተኞቹ ናቸው።

ናሆም፦ ዲናው ጎረቤትን ይቀጣል። ከሩቅ የመጣውን ትልቅ መርከብ ማን ይቀጣል?

ሰላም፦ ናሆም፣ ሌላ ክርክር አትክፈትብን 😄 እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበል። በኦክቶፐሱ ጥቅሙን ባያዩ ኖሮ ቋሚውን ክልከላ ማንም አይቀበልም ነበር። ግን የመክፈቻው ቀን ይስተካከል። ሰዉ በየተራ ይግባ።

ትዕግስት፦ ባሕሩ የሚሸሸው ለጥቂት ሰዓት ነው። ውኃው እየተመለሰ፣ ልጅ አዝላ የቆመችውን ሴት ተራሽን ጠብቂ ልትያት ነው?