የአባባ ቤት፦ ውክልና ነው ወይስ ኑዛዜ የሚሻለው?

ጠያቂ (ሐይቅ)፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አባባ 80 ሊሞላቸው ነው፣ አእምሯቸው ንጹህ ነው አልሐምዱሊላህ፣ ግን ስኳሩ እግራቸውን ይዞት ከቤት አይወጡም። ሐይቅ ከተማ ቤት አላቸው፣ ገጠር ደግሞ ትንሽ የእርሻ መሬት። አራት ልጆች ነን፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ እኔና ታላቅ እህቴ እዚሁ። የምታስታምማቸው እሷ ናት፣ ስለዚህ ቤቱ ለሷ ይሁን ይላሉ። አጎቴ ደሞ "ሙሉ ውክልና ይስጧትና በቃ፣ ኋላ ፍርድ ቤት መንከራተት የለም" ይላል። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፣ ቤቱን የሰሩት አብረው ነው። ምን እናድርግ?

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደሴ)፦
ወንድሜ ይሄን ምክር በጊዜ ተወው። ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል፣ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 ላይ ነው ያለው፣ ችሎታ ካጡም እንደዛው። ከሞቱ በኋላ እህትህ በዛ ወረቀት ቤቱን ላዙርበት ብትል የምትከሰሰው እሷ ናት። በሕይወት እያሉ ለባንኩ ለግብሩ ይጠቅማል፣ አውጡ፣ ግን "ሙሉ ውክልና" ብሎ ብቻ መሸጥ መለወጥ አይቻልም፣ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ከሞት በኋላ የሚሰራው ኑዛዜ ነው።
ደሞ አንድ ነገር፣ ቤቱ የጋራ ከነበረ ግማሹ የናታችሁ ነው፣ እሱ ወደ ወራሾቿ አልፏል። አባታችሁ መናዘዝ የሚችሉት በራሳቸው ድርሻ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳ ፍርድ ቤት ገብታችሁ የእናታችሁን የወራሽነት ማስረጃ አውጡ።

የወረኢሉ ልጅ፦
እኛ ጋ ሽማግሌ ይቀመጥና በቃላቸው ይናዘዛሉ፣ ማን ይክዳል?

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደሴ)፦
ሽማግሌው ለእርቁ ይቀመጥ። በሕጉ ግን የቃል ኑዛዜ ሞት ሲቃረብ ሁለት ምስክር ፊት የሚነገር ነው፣ ለቀብርና ለሞግዚት እንዲሁም ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ፣ ሰውየው 3 ወር ከቆየ ደሞ ይፈርሳል። ቤት በዚህ አይሄድም።

ኮምቦልቻ እናት፦
የኔ ወንድም አብሽር፣ ግን ምስክሩን ጠብቁ። አራት ምስክር ነው፣ አራቱም እሳቸውም ባሉበት ይነበባል፣ እዛው ሁሉም ይፈርማል፣ ቀኑ ይጻፋል፣ "ተነቧል" የሚለውም ወረቀቱ ላይ ይስፈር። እኛ ቤት ሦስት ሰው ብቻ ፈርሞበት ኑዛዜው ወደቀና ወንድማማቾች እስካሁን በለቅሶ ቤት እንኳ አይነጋገሩም። ዕድሜ የጠገበ ምስክር ብቻ አትሰብስቡ፣ ኋላ ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። እህትህም ባሏም ምስክር እንዳይሆኑ። ውልና ማስረጃ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል ምክንያቱም አንዱ ምስክር ሹሙ ራሱ ነው፣ መሄድ ካልቻሉ ቤት ድረስ ይመጡ እንደሆነ ጠይቁ።

ከሀርቡ፦
በዲናችን እንዳትረሱት፣ ወሲያ (ኑዛዜ) ከሲሶ አይበልጥም፣ ለወራሽ ደሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይሆንም፣ ልጅ ወራሽ ናት። ዕዳ ይቀድማል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ሁላችሁም ከተስማማችሁ ነው፣ እዛ ከሆነ አባባም ከእናታችሁ ድርሻ ሩቡን ይወርሳሉ፣ በፍትሐ ብሔር ግን የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም፣ ሂሳቡ ይለያያል። ስለዚህ ወረቀት ሳትነኩ አራታችሁም ስልክ ላይ ተገናኙና ጅዳ ያለችውም በአንደበቷ ትስማ።

ጠያቂ (ሐይቅ)፦
አላህ ይስጣችሁ። አዲስ አበባ ያለው ትንሽ ቅር ብሎታል፣ እሱን ነው የምፈራው። ጅዳ ያለችውስ እንዴት ትፈርም? የገጠሩስ መሬት?

ማመልከቻ ጸሐፊ (ደሴ)፦
ጅዳ ያለችው እዛ ባለው ቆንስላችን ውክልና ትስጥህ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዛ ትሰራበታለህ። የገጠሩ መሬት አይሸጥም፣ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፣ ደብተሩን ይዘህ ወረዳ መሬት አስተዳደር ሂድና የማን የማን ስም እንዳለበት እይ። ቅር ያለውን ወንድምህን ደሞ አባታችሁ ራሳቸው ያናግሩት፣ ከውርስ ይንቀሉት እንዳትሉ፣ ልጅ የሚነቀለው በግልጽ ተጽፎ ምክንያቱም ተገልጾ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ክስ ነው። በሉ ነገ የናታችሁን የሞት ማስረጃ ፈልጉ፣ እሱ ከሌለ ፍርድ ቤቱ አይጀምርላችሁም።