ኤክስ230 ላይ ኮርቡት ልጭን ነው፤ ክሊፑን ከመግጠሜ በፊት ምከሩኝ

ከኮልፌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች ቲንክፓድ ኤክስ230 አለችኝ፣ የ2012 ሞዴል፣ ባለ 12.5 ኢንች። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት በእሷ ስለሆነ ለመጣል አንጀቴ አልቻለም። ኡቡንቱ ላይ እስካሁን ፈጣን ናት። ያስቸገረኝ ዋይፋዩ ነው። ከሳሎን መኝታ ቤት ስገባ ይቆረጣል። ኢንቴል 7260 ካርድ ገዝቼ ቀየርኩላት። ሳበራት 1802 የሚል ስህተት አወጣችና ቀጥ አለች። አሮጌውን ስመልስ ተነሳች።

ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የሚቀበላቸው ካርዶች ዝርዝር አለው አሉ፤ በእሱ ቦታ የሚገባው ኮዱ ክፍት የሆነው ኮርቡት ከተጫነ ግን ያ ክልከላ አይኖርም። ቺፕ ላይ የምትጽፈውን ጥቁሯን ሲኤች341ኤ ፕሮግራመርና የቺፑን እግሮች የሚይዝ ክሊፕ ገዝቻለሁ። ላፕቶፕ ፈትቼ አውቃለሁ፣ ቺፕ ላይ ግን ጽፌ አላውቅም። ይህች ከሞተች ሥራዬ ይቆማል። የእህቴን ላፕቶፕ ለሁለት ቀን ተውሻለሁ። ምን ላስቀድም? የሰፈራችንን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ሽቦ በሽቦ፦

ወንድሜ፣ የቸገረህ ካርዱ ብቻ ከሆነ ማሽኑን ባትፈታው ይሻላል። የባዮሱን የካርድ ክልከላ የሚያነሳ አይቪሬይን የሚባል ፕሮግራም አለ። ባዮስህ 2.60 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከፍላሽ ዲስክ ተነስቶ ሥራውን ይጨርሳል፤ ክሊፕ የለ፣ ፕሮግራመር የለ። መጀመሪያ የባዮስህን ቁጥር እይ።

ጥገና ላይ፦

ሽቦ በሽቦ ያለው ልክ ነው። ኮርቡትን ለራሱ ከፈለግከው ግን አትፍራ። በ1999 ሊኑክስባዮስ ተብሎ ሎስ አላሞስ ላብራቶሪ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ሞክሮታል፣ ኤክስ230 ላይ ደግሞ በደንብ።

ያቺን ጥቁር ፕሮግራመር እንዳለች እንዳትሰካት። ባዮሱ የተቀመጠባቸው ቺፖች የ3.3 ቮልት ናቸው። እሷ በኃይል መስመሩ 3.3 ብትሰጥም በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት ታወጣለች። በመልቲሜትር ለካውና እመነኝ። ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ የሚያውስህ ካገኘህ በፕሮግራመሯ ፋንታ እሱን ተጠቀም።

የኪቦርዱን እና የባትሪ መሙያውን ሥራ የሚመራው ሌላ ትንሽ ቺፕ ነው፤ ኮርቡት አይነካውም። የእሱ ማሻሻያ የሚመጣው ከፋብሪካው ባዮስ ጋር ስለሆነ፣ ማሻሻል ካለብህ አሁን አድርገው። በኋላ ለዚህ ብለህ ወደ ድሮው መመለስ አድካሚ ነው።

ስትፈታ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ፣ የሰዓቱንም ትንሽ ባትሪ ንቀል። ኪቦርዱንና የመዳፍ ማሳረፊያውን ስታነሳ ጥቁር ላስቲክ ታያለህ፤ ገለጥ አድርገው። ሁለት ቺፖች አሉ። ወደ ስክሪኑ የቀረበው 4 ሜጋባይት ነው፣ ወደ አንተ የቀረበው 8። ኮርቡት የሚገባው 4ቱ ላይ ነው። 8ቱ ላይ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጅን (ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይቶ ለብቻው የሚሠራ የኢንቴል ፕሮግራም) እና የኔትወርክ ካርድህ መለያ ቁጥር (ማክ አድራሻ) ስላለ፣ ለጊዜው ኮፒ ብቻ አድርገው። የክሊፑ ቀይ ሽቦ ቺፑ ላይ ካለችው ነጥብ ጎን ይሁን።

አሁን ዋናው። ምንም ከመጻፍህ በፊት ሁለቱንም ቺፕ በፍላሽሮም ፕሮግራም ሁለት ሁለቴ አንብብ፤ ከዚያ ፋይሎቹን የፋይል አሻራ በሚያወጣው ሻ256ሰም አወዳድር። አንድ ፊደል ከተለያየ ክሊፑ አልያዘም ማለት ነው። ንቀል፣ እንደገና ግጠም፣ እንደገና አንብብ። እኔ ይህንን ዘልዬ የሰው ማሽን አበላሽቻለሁ፤ ኦርጅናል ፋይሉ ስላልነበረኝ ማዳን አልቻልኩም። ኮፒውን ፍላሽ ላይም፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይም አስቀምጠው።

ለመብራቱ መላው ቀላል ነው፤ የእህትህ ላፕቶፕ ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ ፒኮው ከእሱ ነው ኃይል የሚያገኘው።

ከኮልፌ፦

ተሳካልኝ! ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የባዮሴን ቁጥር አይቼ ነበር፣ ከ2.60 በላይ ነው። ለነገሩ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮም ወደ ኮርቡት የምመጣ ይመስለኛል። ማሽኔ ስትነሳ መጀመሪያ የምታነበውን ኮድ ከፍቼ ማየት መቻሌ ደስ ይለኛል። ፕሮግራመሯን ለካኋት፤ እውነትም 5 ቮልት። ከጓደኛዬ ፒኮ ተዋስኩ።

የ4ቱ ቺፕ የመጀመሪያ ሁለት ንባቦች አልተመሳሰሉም። ክሊፑን አይቼው ቀጥ ያለ ይመስል ነበር። ጎንበስ ብዬ በስልክ ባትሪ ሳበራበት አንዱ ጥርስ የቺፑን እግር ስቶ አየር ላይ ቆሟል። እንደገና ገጠምኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ሦስቱም አንድ ሆኑ።

ጻፍኩ። የጻፈውን መልሶ እያረጋገጠ ሳለ መብራት ሄደ። ክፍሉ ጨለመ፣ ከእህቴ ስክሪን ሌላ የሚታይ የለም። እጄን እንኳን ሳላንቀሳቅስ ጠበቅኩ። ትክክል ነው ብሎ ጨረሰ።

ገጣጥሜ ሳበራት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ልቤ ቆማ ነበር። ለካ መጀመሪያ ስትነሳ ራሙን ለክታ እስክትመዘግብ ትዘገያለች። ከዚያ ከኮርቡት ቀጥሎ ኡቡንቱን የሚያስነሳው ሲባዮስ መጣ፣ ከዚያ ኡቡንቱ። 1802 የለም። ይህንን የምጽፍላችሁ ከመኝታ ቤት ነው፣ በአዲሱ ካርድ።

8ቱን ቺፕ አልነካሁትም። ማኔጅመንት ኢንጅኑን በኤምኢ ክሊነር ያሳነሳችሁ ካላችሁ፣ በኋላ የገጠማችሁ ችግር አለ? ፒኮውን ቅዳሜ ነው የምመልሰው።