ደሴ፦ የኋላ ግድግዳው እርጥበት ከየት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ መኝታ የሚከራይ ቤት አግኝቻለሁ። ውሃ አለው፣ ሮቶ አለው፣ የመብራት ቆጣሪውም ለብቻው ነው። የጨነቀኝ ተዳፋቱን ተደግፎ የተሠራው የመኝታ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ነው። የሌላው ክፍል ቀለም የቆየ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ሰሞኑን ተቀብቷል። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ጥጉ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፣ በጥፍር ሲነካም ልስኑ ይረግፋል። አከራዩ «የደሴ ብርድ ነው» ይላሉ። ብርዱንማ እናውቀዋለን፣ ልስን ግን አያረግፍም።

አስፈቅጄ ላስቲክ በፕላስተር ለጥፌበት አደረ፤ ጠዋት ሳነሳው በግድግዳው በኩል ላብ ይዟል፤ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው ማለት ነው። መታጠቢያ ቤቱ አጠገቡ ስለሆነ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪውን አየሁ፣ አልዞረም። የፍሳሽ መስመሩን ግን ይህ አይነግረኝም። ፍሳሽ ከሆነ አከራዩ ያስጠግኑታል፤ ከተዳፋቱ የሚሰርግ ከሆነ ግን ክረምት ሲገባ የሚብስ ነው። ውሉ የ2 ዓመት ነው፣ ደላላውም እንደ ልማዱ «ሌላ ሰው መጥቷል» እያለ ያጣድፈኛል።

ግንባታ የምታውቁ፣ ከመፈረሜ በፊት እርጥበቱ ከፍሳሽ መስመሩ ይሁን ከተዳፋቱ አፈር፣ ግድግዳ ሳይፈርስ በምን ልለየው?