ቦይለሮቻችንን በኢንስታንት ስለመቀየር፦ ለጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ (ደብረ ማርቆስ፣ የብሎካችን ነዋሪዎች ማህበር)

ሰብሳቢ፦ ሰላም ጎረቤቶች። የቦይለሩ ነገር በስብሰባው ተነስቶ ሳይቋጭ ቀረ። አንዱ ያንጠባጥባል፣ አንዱ ብሬከር ይጥላል፣ የአንዳንዱ ውሃ የዝገት ቀለም ይዞ ይወርዳል። በየፊናችን ከምንሯሯጥ ጋን የሌለውን፣ ውሃው ሲያልፍ እግረ መንገዱን የሚያሞቀውን ኢንስታንት በጋራ ገዝተን በጋራ ብናስገጥም ይሻላል ባይ ነኝ። ለጉባኤ የሚቀርበውን እዚሁ እንጻፈው፤ ያላችሁን ጣል አድርጉ።

2ኛ ፎቅ፦ እኔ በሁለት እጄ ነው የምደግፈው። ባለ 80 ሊትሩ ግማሽ ግድግዳ ይዞብኛል። ልጆቹ ታጥበው ሲጨርሱ ደግሞ ለእኔ የሚተርፈኝ እንደ ጮቄ ተራራ ምንጭ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ኢንስታንቱ አያልቅም አይደል?

ኤሌክትሪሻኑ ጎረቤት፦ አያልቅም። ግን መጀመሪያ ገመዱን እንይ። የአብዛኞቻችን ቦይለር 1.5 ኪሎዋት ነው፤ 7 አምፔር ገደማ ይስባል። 5.5 ኪሎዋት ኢንስታንት በ220 ቮልት 25 አምፔር ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይህን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚሄድ የራሱ ባለ 6 ገመድ፣ የራሱ ባለ 32 አምፔር ብሬከር፣ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ)፣ በተጨማሪም 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ይፈልጋል። ኤርዝ የሌለው ቤት አልገጥምም፣ ጎረቤቴም ብትሆኑ።

2ኛ ፎቅ፦ ለክረምቱስ ይበቃል ወይ?

ኤሌክትሪሻኑ፦ በደቂቃ 3 ሊትር ካወረድሽ ውሃውን 26 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የነሐሴን ጠዋት ውሃ 12 ዲግሪ ብንለው 38 ይደርሳል፣ ለገላ ይበቃል። ለቀቅ አድርገሽ 5 ሊትር ካወረድሽው ግን የሚጨምረው 16 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ያኔ መንቀጥቀጥ ነው። ሌላው ደግሞ ምጣድ ነው። ምጣዱ ለብቻው 16 አምፔር አካባቢ ይወስዳል፤ እንጀራ እየተጋገረ ሻወር ከተከፈተ ከ40 ያልፋል፣ ዋናው ብሬከር ይወርዳል።

4ኛ ፎቅ፦ እኛን ላይኞቹን ማን አሰበን? ሮቶው ከሻወራችን ከፍ የሚለው 2 ሜትር ቢሆን ነው፣ ውሃው እንደ ክር ነው የሚወርደው።

ኤሌክትሪሻኑ፦ እውነትህን ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፣ ለእናንተ 0.2 ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ማሽኑ በቂ ውሃ ሲያልፍበት ካልተሰማው ጭራሽ አይነሳም። ወይ ትንሽ ፓምፕ ይገባላችኋል፣ ወይ ቦይለራችሁ ይቆያል።

ምድር ቤት፦ ልጆቼ፣ መብራት ሲጠፋስ? ማታ ካሞቅሁት ጠዋት መብራት ባይኖር እንኳ ለብ ያለ ውሃ አላጣም። ባለፈው ክረምት ቧንቧው ጭጭ ሲል ከቦይለሩ ግርጌ ያለችውን ቫልቭ ምላሷን ብድግ አድርጌ በጆግ በጆግ እየቀዳሁ ነው ዕቃ ያጠብኩበት። ኢንስታንት ውሃ ያስቀምጣል እንዴ?

ሰብሳቢ፦ አያስቀምጥም እትዬ። መብራትም ውሃም ከሄደ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ምድር ቤት፦ እንግዲያ የእኔን አትንኩብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ቢል ላውራ፣ ሻጩ ሁሉ «ግማሽ ይቀንሳል» ስለሚል። አንድ ሊትር ውሃ ማሞቅ በየትኛውም ዕቃ ያው ነው። ልዩነቱ ሳይፈለግ የሚሞቀው ላይ ነው። 80 ሊትር ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በኢንስታንት 10 ደቂቃ መታጠብ ግን አንድ እንኳ አይሞላም። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ቦይለሩንም ቀን ከሌት ለኩሶ የሚተው፣ ይጠቀማል። ስድስት ሰው ተከታትሎ የሚታጠብበት ቤት ብዙ ለውጥ አያይም። ደግሞ ቦይለር ሁሉ አይጣል እባካችሁ። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ይቀየራል፣ ጋኑን ከዝገት የምትጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግም ስታልቅ ትቀየራለች። ጋኑ ራሱ ከተበሳ ነው አለቀ የሚባለው።

3ኛ ፎቅ፦ አንድ ነገር ረስታችኋል። 24 ቤት ነን። ዛሬ ሁላችንም ቦይለር ብንለኩስ 36 ኪሎዋት ነው፣ ነገ ሁላችንም ኢንስታንት ብንከፍት 132። የፋሲካ ዋዜማ ማታ ትራንስፎርመሩ ቢፈነዳ ማንን ልንከስ ነው? ሳይቃጠል በቅጠል፣ ቀድመን በደብዳቤ እንጠይቅ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። እስካሁን የያዝኩት ይህ ነው፦ «የእያንዳንዱ ቤት ገመድና ኤርዝ በቅድሚያ ይታይ። ገመድና ብሬከር ለሚቀይሩ ቤቶች ኢንስታንቱ በጋራ ይገዛ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ሳይሆን በየዙሩ ስድስት ስድስት ቤት ይገጠም። የመስመሩን አቅም በተመለከተ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደብዳቤ ይጻፍ፣ መልስ ሳይመጣ ግዢ አይጀመር። ቦይለሩን ማቆየት የሚፈልግ ያቆይ፣ የጥገና ዕቃ ግን በጋራው ግዢ ይካተትለት። ለላይኛው ፎቅ እንደ አስፈላጊነቱ ፓምፕ ይታሰብ።»

4ኛ ፎቅ፦ «እንደ አስፈላጊነቱ» የምትለዋ ትውጣ። ጉባኤ ላይ እንደዚህ ተጽፎ የተሠራ ነገር አይቼ አላውቅም። ፓምፑን ማን ይከፍላል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሮቶው የጋራ ስለሆነ ፓምፑም ከጋራ መዋጮ ቢሆን ያስኬዳል። ግን አንድ ፓምፕ ለላይኞቹ ሁሉ፣ በየቤቱ አይደለም። ቆጣሪውም የደረጃው መብራት ያለበት ይሁን።

4ኛ ፎቅ፦ እንደዚያ ከተጻፈ እፈርማለሁ።

3ኛ ፎቅ፦ «ምጣድና ሻወር አብሮ አይከፈትም» የሚል ጨምሩበት፣ ቢስቁም ይሳቁ።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም ገብተዋል። ደብዳቤውን ሰኞ እኔ አስገባለሁ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ከምድር ቤት ጀምሬ ሳጥኖቹን አያለሁ። የማትኖሩ ቁልፍ ለጥበቃው ተዉልኝ፣ ሳጥኑ ፊት የቆመውንም ቁም ሳጥን ቀድማችሁ ገፋ አድርጉት።