ለዌብሳይትና ለአፕ ፕሮቶታይፕ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የቀጠሮ ማስያዣ አፕና አብሮት የሚሄድ ዌብሳይት እየሠራን ነው። ዲዛይኑ የእኔ ነው፣ ኮዱን ባልደረባዬ ይጽፋል። ደንበኛችን ኮዱ ሳይጀመር ፕሮቶታይፑን፣ ማለትም የሙከራ ናሙናውን፣ በስልኩ እየነካካ ማየት ይፈልጋል። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ። ኢንተርኔትም ይቆራረጥብኛል። አንዱ ፊግማ ይለኛል፣ ሌላው ስኬች፣ ሌላው ኤክስዲ። ባልከፍል ደስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀለምና መስመር፦
ከሦስቱ ሁለቱን አሁኑኑ ሰርዣቸው። ስኬች የሚነደፍበት ማክ ላይ ብቻ ነው። አዶቤ ኤክስዲ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ለብቻው አይሸጥም፣ አዲስ ነገርም አይጨመርበትም። ድሮ የገዙት ይጠቀሙበት፤ አዲስ ሥራ የሚጀመርበት ግን አይደለም።

የሚቀርሽ ፊግማ ነው። ብራውዘር ላይ ይከፈታል። ሊንኩን ትልኪለታለሽ፣ ደንበኛው በስልኩ ከፍቶ ይነካካል። አስተያየቱንም እዚያው ዲዛይኑ ላይ ይጽፋል። ነፃው ፕላን ገደብ አለው፤ ለአንድ ፕሮጀክት ግን አያንስሽም።

ኮደሩ፦
በፊግማው እስማማለሁ፣ ግን 4 ጊጋ ራም ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፑንና ዌብሳይቱን አንድ ፋይል ውስጥ አትጠቅጥቂያቸው፤ ለየብቻ ፋይል ይኑራቸው። ፎቶዎችን አሳንሰሽ አስገቢ። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ ለትንሽ የፕሮፋይል ክብ መጠቀም ላፕቶፑን በከንቱ ማሰቃየት ነው። ሌሎቹን ታቦችም ዝጊያቸው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ቀድሞ የተከፈተ ፋይል ላይ መሥራትሽን መቀጠል ትችያለሽ። ሲመለስ ራሱ ያስቀምጠዋል። ያልተከፈተ ፋይል ግን ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ስለዚህ ሲቋረጥብሽ ታቡን እንዳትዘጊው።

እርሳስ፦
ሁላችሁም ስለ ሶፍትዌር ቸኮላችሁ። እህቴ፣ መጀመሪያ ከደንበኛው ምን ማወቅ ነው የምትፈልጊው? «ሰው ቀጠሮ ለመያዝ ስንት ገጽ ያልፋል? የቱ ጋ ግራ ይገባዋል?» ከሆነ፣ በቀለም የተዋበ ዲዛይን ይጎዳሻል። ደንበኛ ያማረ ነገር ሲያይ ስለ ሰማያዊው ቀለም ያወራል፤ ስለ አካሄዱ አንድ ቃል አይተነፍስም። ባልሳሚክ የሚባለው የገጽ ረቂቅ መሳያ ሥዕሎቹን ሆን ብሎ በእጅ የተሞነጫጨሩ የሚያስመስላቸው ለዚህ ነው። እሱ ይከፈልበታል። ኤክስካሊድሮው ግን ነፃ ነው፣ ብራውዘር ላይ ይሠራል፣ በጣም ቀላል ነው። ወረቀትም ይበቃል።

ጄፍ ሃውኪንስ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት በመሣሪያው ልክ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ነበር። ሰው ሳይታዘበው አልቀረም! ግን መጠኑ ለኪስ ይመች እንደሆነ ያወቀው በዚያ ነው። ያ እንጨት ፕሮቶታይፕ ነው።

ክፍት ምንጭ፦
እንደ ፊግማ ያለውን የዲዛይን ሶፍትዌር፣ ፔንፖትን፣ ማንም አላነሳውም፤ ልጨምረው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ትጭኑታላችሁ። አሰላለፉ በሲኤስኤስ (የዌብሳይት መልክ በሚጻፍበት ኮድ) ፍሌክስና ግሪድ ስለሆነ ባልደረባሽ የሚያየው ከሚጽፈው ኮድ ብዙ አይርቅም።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ኢንቪዥን የሚባለው የፕሮቶታይፕ መሥሪያ አንድ ጊዜ ሁሉም ቤት ነበር፤ በ2024 መጨረሻ አገልግሎቱን ዘጋ። ፊግማንም አዶቤ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው በ2022 አስታውቆ፣ በ2023 መጨረሻ ነው ስምምነቱ የፈረሰው። የኩባንያ ነገር አይታወቅም። የትኛውንም ብትመርጪ በየጊዜው ፋይሉን አውርጂና ኮምፒውተርሽ ላይ አስቀምጪ።

ቀለምና መስመር፦
ፋይል ማውረዱ ትክክል ነው። ግን ለጀማሪ የፊግማን ያህል ትምህርትና ዝግጁ ኮምፖነንት (ቁልፍ፣ ሳጥን የመሳሰለው) የትም አታገኝም። ሌሊት ስትቸገር የሚረዳት ይሄ ነው። ለራሷ ሰርቨር የምታቆም ከሆነማ አፑን መቼ ልትሠራ ነው?

ጀማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የተመረጠው ሰዓት ተይዞ ከሆነ አፑ «ሌላ ሰዓት ይምረጡ» ማለት አለበት። ደንበኛው ስሙንም መጻፍ አለበት። ይሄ በፊግማ ይሆናል?

ኮደሩ፦
የመጀመሪያው ይሆናል፣ ያውም ያለ ምንም ሎጂክ። ሁለት ገጽ ሥሪ። «4 ሰዓት» የሚለው ቁልፍ ወደ «ተይዟል» ገጽ ይውሰድ፣ «5 ሰዓት» ወደ ማረጋገጫው። ደንበኛው ልዩነቱን አያውቅም።

ስም መጻፉ ላይ ግን በተለመደው የፊግማ ፕሮቶታይፕ ኪቦርድ አይመጣለትም። ሳጥኑን ሲነካ ስም የተሞላበት ገጽ አሳዪው። የግድ በእውነት መጻፍ ካለበት አክሹር ወይም ፕሮቶፓይ የሚባሉት የፕሮቶታይፕ ሶፍትዌሮች ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ግን እነሱን መማር ትርፉ ድካም ነው።

ከእኔ ወገን አንድ ልመና፦ ዲዛይነሮች ሁሉ የሞላውን ገጽ ብቻ ይልኩልናል። ገና ምንም ያልገባበት ባዶው ገጽ የት አለ? ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ምን ይታያል? ስሙ በጣም ረጅም ከሆነስ? እነዚህን ካልነደፍሻቸው ባልደረባሽ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላቸዋል፤ ከዚያ መጣላት ነው።

እርሳስ፦
ቁልፎቹንም በስልክ ላይ ሞክሪያቸው። ላፕቶፕ ላይ ትልቅ የመሰለው ስልክ ላይ ለአውራ ጣት ያንሳል። የአፕል መመሪያ ቢያንስ 44 በ44 ፖይንት ይላል፣ የአንድሮይድ 48 በ48 ዲፒ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው)።

ጀማሪዋ፦
እሺ፣ አካሄዱን በኤክስካሊድሮው ሥዬ ከደንበኛው ጋር ከተስማማን በኋላ ወደ ፊግማ እገባለሁ። ደንበኛው ፊት ኢንተርኔት ቢጠፋብኝስ?

ቀለምና መስመር፦
ሳትሄጂ በፊት ፕሮቶታይፑን ከፍተሽ እስከ መጨረሻው አንዴ ነካኪው፣ ከዚያ አትዝጊው። ለመጠባበቂያ ስትነካኪው ስክሪኑን በቪዲዮ ቅጂ። ገጾቹንም በፒዲኤፍ አውጥተሽ ስልክሽ ላይ ያዢ።