ክርክር፦ ውሻን ቫን ውስጥ ትቶ መውረድ በዲግሪ ይገደብ?

አወያይ፦ ጥያቄው አሜሪካ፣ በተለይም ካሊፎርኒያ፣ ከውሻቸው ጋር ቫን ውስጥ የሚኖሩትን ይመለከታል። የካሊፎርኒያ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 597.7 እንስሳን በሙቀት፣ በብርድ፣ በአየር እጦት ወይም በውሃና በምግብ እጥረት ለአደጋ በሚያጋልጥ ሁኔታ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድን ይከለክላል። ዲግሪ ግን አይጠቅስም። «ውጭው ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ክልክል ነው» ተብሎ በቁርጥ ይጻፍ ወይስ እንዳለ ይቀጥል?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ይጻፍ። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ውጭው ከ22 እስከ 35 ዲግሪ በሆነባቸው ቀናት የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ከጭማሪው 80 በመቶው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የመጣ ነው፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም ለውጥ አላመጣም። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። የታፈነው አየር በገዛ ትንፋሹ ሲረጥብ ማለክለኩም አይረዳውም። ጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ሲያልፍ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ቀድመው ይወድቃሉ።

ቫን ሠሪው፦ ዶክተር፣ ያ ጥናት የተሠራው ጠቆር ያለ ቀለም ባለው የቤት መኪና ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ኢንሱሌሽን (ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ) የለበሰ፣ መስታወቱ በአንጸባራቂ መጋረጃ የተሸፈነ ቫን ሌላ ነው። የጣሪያው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ይደረጋል፣ በጥላው በኩል ዝቅ ያለ መስኮት ይከፈታል፤ ያኔ ውስጡ ከውጭው ብዙም አይርቅም። ማራገቢያ ግን ውስጡን ከውጭው በታች እንደማያወርድ ማንም አይሳሳት። ሙቀቱ ሲበረታ ኤሲ ግድ ነው። 50 አምፔር የሚስብ የ12 ቮልት ኤሲ፣ ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ላይ 4 ሰዓት ይሠራል። ጣሪያው ላይ 400 ዋት ሶላር ካለ ጊዜው ይረዝማል። ይህን ሁሉ ያሟላን ሰው ከሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ዝም ብሎ ከሚተው ጋር በአንድ ዲግሪ መቅጣት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ ስሌቱ ልክ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ሶላሩ ፀሐይ፣ ውሻው ጥላ ይፈልጋሉ፤ ዛፍ ሥር ስትቆም 400 ዋቱ የለም። ባትሪው ሲያልቅ የራሱ መቆጣጠሪያ ድንገት ይቆርጠዋል፣ ኤሲውና ማራገቢያው አብረው ዝም ይላሉ፣ የታሸገውም ቫን መጋል ይጀምራል። ካምፕ ውስጥ ገመድ መሰካትም ዋስትና አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኤሲ ሲያበራ 120 የነበረው ቮልት ይወርዳል፤ ከ104 በታች ሲሆን ብዙ መከላከያዎች ኃይሉን ይዘጋሉ። አንዳንድ ኤሲ ደግሞ መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሳም። ስለዚህ ማራገቢያውን ከኤሲው በተለየ ትንሽ ባትሪ ላይ አድርጉት፣ ቴርሞስታቱም 26 ዲግሪ ላይ በራሱ ያስነሳው።

ተጓዧ፦ ሲም ካርድ ያለው የሙቀት አላርም አለ እኮ። መብራት ሲጠፋም ስልክ ላይ ይልካል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው፦ ኔትወርክ ካለ። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ብዙ ቦታ የለም።

ተጓዧ፦ ችግሩ ደግሞ እዚያው ነው የሚብሰው። አብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻን ከፓርኪንግ፣ ከአስፋልትና ከካምፕ ውጭ አያስገቡም፤ ማሰሪያው ከ6 ጫማ (1.8 ሜትር ገደማ) እንዳይበልጥ፣ አስሮም ትቶ መሄድ ክልክል ነው። ታዲያ ሰው የት ያድርገው? አሪዞና ባለው የግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ደቡብ ጠርዝ ላይ የውሻ ማቆያ አለ፣ የክትባት ማስረጃ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው በየፓርኩ ሳይኖር ዲግሪ ብቻ ማስቀመጥ ቫን ቤቱ የሆነበትን ሰው ልብስ ማጠቢያ እንኳ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ሕግ አዋቂው፦ የውጭ ዲግሪ ሌላም ጣጣ አለው። ዶክተር በጠቀሱት ጥናት ውጭው 22 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ 47 ደርሷል። 21 ብለን ብንጽፍ ፀሐይ ላይ በ20 ዲግሪ የተወ ሰው «ሕግ አክብሬያለሁ» ይላል። መለካት ያለበት ውስጡ ነው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አላፊ አግዳሚም መስታወት ሰብሮ ማውጣት ይችላል፤ መጀመሪያ በሩ መቆለፉን ያረጋግጣል፣ ወደ 911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) ወይም ወደ ፖሊስ ይደውላል፣ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል አይጠቀምም፣ ባለሥልጣን እስኪመጣ ከእንስሳው ጋር ይቆያል። መጋረጃው የተዘጋ ቫን አጠገብ የቆመ ሰው ኤሲው ይሥራ አይሥራ በምን ያውቃል?

ቫን ሠሪው፦ ከውጭ በሚነበብ ቴርሞሜትር። መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፣ ከሥሩ የባለቤቱ ስልክ ይጻፍ። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ግን መስታወቱ ላይ ሳይሆን በገመድ ወርዶ ውሻው በሚተኛበት ከፍታ፣ ፀሐይም የኤሲው ነፋስም በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ይሰካ። ኤሲው ፊት የተሰካ ሴንሰር ውሻው እየጋለ 22 ያነባል።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ እሱ ግዴታ ከሆነ የውጩን 21 እተዋለሁ፤ በምትኩ ውስጡ ከ26 እንዳይበልጥ ይጻፍ። አፍንጫቸው ለተደፈጠጠና ለሸመገሉ ውሾች ግን ኤሲም ቢኖር ብቻቸውን መተዉን አልቀበልም። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ያሉት ብልሽት በደረሰ ጊዜ እነሱ የሚተርፋቸው ደቂቃ ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ተጓዧ፦ በዚህኛው አልስማማም፣ ዶክተር። ባለቤቱ በአምስት ደቂቃ የሚመለስበት ርቀት ላይ ካለና አላርሙ ከሠራ ለነሱም ይፈቀድ።