ለልጄ መልስ ዲስኮ ይከፈት ብያለሁ፤ የትኛው ይሻላል?

የካዛንቺስ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜዬ 60 አልፏል። ከልጅነቴ ጀምሮ የዲስኮ ወዳጅ ነኝ። የመጨረሻዋ ልጄ በጥር ታገባለች። ለመልሱ ሙዚቃ ሲመርጡ አንድ የድሮ የዲስኮ ባንድ ጠርቼ «ቦኒ ኤም አስገቡልኝ» አልኳቸው። ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው። ሰዉ ሁሉ ይቀመጣል» አሉኝ።

ይበሉ። እኔ ወጥ እየሠራሁም እሰማዋለሁ፣ ልብስ እየተኮስኩም እሰማዋለሁ። በእኛ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ጭፈራ ካለ ወይ በጊዜ ወደ ቤት ነው፣ ወይ በር ተዘግቶ እስኪነጋ ነው። እኛ እስኪነጋ ነበርን። ካሴት እየተዋስን እንቀዳ ነበር፤ ቴፑ ሲጎትት በእስክሪብቶ አጠንጥነን እንደገና።

ግን ትዝታ ብቻ አይደለም የያዘኝ። ሙዚቃው በደንብ ነው የተሠራው። የእግር ድራሙ ሳያቋርጥ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም ይላል። በየድምታው መሃል የድራሙ ሳህን «ጺስ» ይላል። እግሬን የምታስነሳው እሷ ናት። ቤዝ ጊታሩ ደግሞ ከሥር ይዘላል።

ዲጄው ሦስት ዘፈን ፈቅዶልኛል። ወጣቱንም አዋቂውንም የሚያስነሳው የትኛው ነው? ልጆቼ የሚሉትን ተዉት፣ እሱ አያሳስበኝም።

ሸክላ ወዳጅ፦
እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የቦኒ ኤምን «ራስፑቲን» እንዳይተዉት። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ነው፤ በ2021 እንደ አዲስ ተሠርቶ የቲክቶክ ልጆች ሲጨፍሩበት ነበር። ልጆችዎ ዜማውን ያውቁታል፣ የማን እንደሆነ ነው የማያውቁት። የሚገርመው፣ ዘፈኑ ስለ አንድ የሩሲያ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ቦኒ ኤም በ1978 መጨረሻ ሞስኮ ሄደው ሲዘፍኑ ይሄን ዘፈን አልዘፈኑትም። እኛ አዲስ አበባ በደርግ ጊዜ እንደ ልብ እንሰማው ነበር።

ሁለተኛው ሺክ የሚባለው ባንድ «ጉድ ታይምስ» ይሁን። የ1979 ነው። በርናርድ ኤድዋርድስ የተጫወተው ቤዝ በዚያው ዓመት «ራፐርስ ዲላይት» የሚባለው የራፕ ዘፈን ላይ ገባ። ራፕ የሚሰማ ልጅ ገና ሲጀምር አንገቱን ያነሳል።

ዲጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ የሐበሻ ሰርግ ላይ ሙዚቃ እከፍታለሁ። ከዘፈኑ በላይ ሰዓቱ ነው ወሳኙ። ምግብ እንዳለቀ ከተከፈተ ማንም አይነሳም። እስክስታው ይሙቅ፣ ሰዉ ትከሻው ይድከም። ያኔ ዲስኮ ሲገባ ጭፈራው ወደ እግር ይወርዳል፣ አዋቂዎቹም ያለ ጥሪ ይመጣሉ። ሦስቱም ተከታትለው ይሁኑ። አንድ እዚህ አንድ እዚያ ከተበተኑ ሰዉ ይበርዳል።

ቤቲ 24፦
እናቴ፣ እኔ ወጣት ነኝ፣ ዲስኮም እወዳለሁ። ጓደኞቼ ሲቀልዱብኝ የሺካጎውን ነገር እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዲስኮ የጠሉ ሰዎች ኮሚስኪ ፓርክ በሚባል ስታዲየም፣ በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መሃል፣ የዲስኮ ሸክላ ከምረው አፈነዱ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፣ ሁለተኛው ጨዋታ ቀረ። ዲስኮን ያሳደጉት የኒውዮርክ ክለቦች ውስጥ የነበሩ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና ግብረ ሰዶማውያን ስለነበሩ ጥላቻው ለሙዚቃው ብቻ አልነበረም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን እዚያው ሺካጎ ፍራንኪ ናክልስ የሚባል ዲጄ ዲስኮውን ይዞ ቀጠለ፣ ሃውስ የሚባለው የክለብ ሙዚቃም ከዚያ ወጣ። ዛሬ ጓደኞቼ ክለብ የሚጨፍሩበት ያው ድም ድም ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቤቲዬ፣ የሺካጎውን አላውቅም ነበር፤ አናደደኝ። ሁለቱን ተቀብያለሁ። ሦስተኛውን ግን ራሴ መርጫለሁ፤ የዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»። እ.ኤ.አ. በ1977 ሙዚቃ አቀናባሪው ጆርጂዮ ሞሮደርና ጓደኞቹ ሙኒክ፣ ጀርመን ውስጥ ሲንተሳይዘር በሚባል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሠሩት ነው። አሁንም ስሰማው ትናንት የወጣ ይመስለኛል። ዲጄው ሦስቱንም አከታትሎ፣ ከእስክስታው በኋላ እንዲከፍት ዛሬ እነግረዋለሁ። ሪሚክስ አይሆንም፣ ዋናውን ነው የምፈልገው። «ራስፑቲን» መጀመሪያ ይሁን ወይስ መጨረሻ?

ዲጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ሰው አይቀመጥልዎትም።